መሐለኛው መሳፈሪያ

አዛውንቱ የተገኙት ማንም በማይሳፈርበት መሳፈሪያ ላይ ነው። ዘወትር ከሚቀመጡበት አግዳሚ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ ከማጅራታቸው የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቶ። እኔና ሳጅኗ ስንደርስ የአምቡላንስ ሰዎች በቃሬዛ ሊያወርዷቸው ይታገሉ ነበር። ደረጃው ከመጥበቡ የተነሳ እንደ ቁም ሣጥን አዘንብለው ነው የያዟቸው።

«ይተርፋሉ?» አልኩ።

«ቢተርፉ እኛም ደስ ይለናል» አለ አንደኛው። «ለጊዜው ግን መንገዱን ልቀቅልን።»

ለቀቅኩለት። በመርማሪነት ዘመኔ መንገድ የለቀቅኩት ለአምቡላንስ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ጥግ ይዞ ያሳልፈኛል። ሳጅኗ ይሄን ስል ብትሰማ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች፤ ግን እውነት ነው፤ ያልፈታሁት ጉዳይ የለም፤ ካለም ገና ያልጀመርኩት ነው።

የጣቢያውን አሠራር ለማያውቅ ሰው ነገሩ ስለማይገባው ቶሎ ልንገር። ባቡሩ የሚሄደው ከመንገዱ በላይ፣ ወፋፍራም ዓምዶች ተሸክመውት ነው። ታች በዓምዶቹ መካከል ሱቆች ተደርድረዋል። ከሱቆቹ በላይ የቲኬት አዳራሹ አለ፤ ከአዳራሹ በላይ መሳፈሪያዎቹ። ጣቢያው ሲሠራ የነበረው መሳፈሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ ሐዲዶች መሐል። ሰው ከመንገድ ተነስቶ በአንድ ሰፊ ደረጃ በቀጥታ ይወጣበታል። ከተማው ሲሰፋ መሳፈሪያው ጠበበ። አንድ ጠዋት ሁለት ባቡሮች ባንዴ ገቡ፤ የሚወርደውና የሚሳፈረው ተጋፋ፤ ሐዲድ ላይ የወደቁ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ በግራና በቀኝ አዳዲስ መሳፈሪያዎች ተሠሩ፤ ሰፊው ደረጃም ፈረሰ ተባለ። መሐለኛው በሁለት ወገን በረጃጅም የማስታወቂያ ሰሌዳ ተጋርዶ እንዲሁ ቀረ። ዛሬ ወደዚያ የሚያስወጣው ከቲኬት አዳራሹ ጥግ ያለው የብረት በር፣ ከበሩም ጀርባ ያለው ቀጭን የሠራተኛ ደረጃ ብቻ ነው።

የተጎዱት ሰው ደግሞ የጣቢያው የመጀመሪያ ሹም ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሠፈርተኛው እስካሁን «ጋሽ ሹም» ነው የሚላቸው።

መሳፈሪያውን ዞርኩት። የተሰበረ መብራት፣ የርግብ ኩስ፣ የደበዘዘ የሰዓት ፊት። አግዳሚ የሚሉት ከወለሉ ጋር የተያያዘ፣ በዛገ ቆርቆሮ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን ነገር ነው። ላስብ ብዬ ተቀመጥኩበት።

«አለቃ» አለች ሳጅኗ ስነሳ፣ «የሱሪህ መቀመጫ ዝጓል።»

«ሱሪዬን ተይውና በሩን ንገሪኝ።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ አንድ ነው፤ የያዘው የሊፍት ቴክኒሻኑ ነው። የአዳራሹን ካሜራ አየሁት፤ ጋሽ ሹምን አስገባቸው፣ ቆለፈ፣ ሄደ። ሌላ ሰው በበሩ አልገባም። የሐዲዶቹንም ካሜራ አየሁ፤ ሐዲድ የተሻገረ የለም። ከዚያ ቴክኒሻኑ ተመለሰ፣ ከፈተ፣ እየጮኸ ወጣ።»

«ታዲያ እሱ ነዋ።»

«ታዲያ እሱ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን እንደ እኔ ነበር፤ ያልተዋጠላት።

*

ቴክኒሻኑ እጁ በግሪስ የጠቆረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሊፍቶቹንና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹን ይጠግናል። ወላጆቹን ያጣው በልጅነቱ ነው፤ ጋሽ ሹም ወስደው አሳድገው፣ ሙያ አስተምረው፣ እዚያው ጣቢያ አስቀጠሩት። እኔ ፊት ሲቀመጥ እጁን ጠረጴዛው ላይ ማድረግ ፈርቶ ጭኑ ላይ ያዘው።

«ለምን አስገባሃቸው? የተከለከለ ቦታ ነው።»

«በሳምንት አንዴ እዚያ መቀመጥ ይወዳል። አባባ ‹ቆልፍና ሥራህን ጨርሰህ ክፈትልኝ› ይለኛል። ተሳፋሪ ተከትሎት እንዳይገባ ነው የምቆልፈው።»

«ዛሬስ?»

«ቆለፍኩ። የሊፍት ገመድ ስቀይር ቆየሁ። ስመለስ…» የጠቆረ መዳፉን ገልብጦ አየ። «እኔ ነኝ የቆለፍኩበት። ከሰው ሊሸሽ ቢፈልግ እንኳ መውጫ አልነበረውም።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«በየቀኑ። ካፖርት ልበስ ስለው እምቢ ይላል።»

«አሁን አንተ የምትፈልገው ምንድነው?»

ይሄን የምጠይቀው ሁሉንም ነው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ጠበቃ ይላል፤ ንጹሑ ቤቴ ልሂድ ይላል። እሱ ግን እንዲህ አለ፦ «ሆስፒታል ውሰዱኝ። በካቴናም ይሁን። ሲነቃ ካጣኝ፣ በሩን ያልከፈትኩለት ይመስለዋል።»

ይሄኔ ልቤ ተነካ። አልደብቅም። ስልኩ ግን ጮኸ፤ አለቃዬ ነው።

«ቁልፉ የማን ነው?» አለኝ።

«የቴክኒሻኑ።»

«በሩን ማን ቆለፈው?»

«ቴክኒሻኑ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ፣ ፎቶግራፍ? ነገ ከሰዓት ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ።»

«እስከዚያ ሆስፒታል ሄዶ…»

«ጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠርበት ሰው አልጋ አጠገብ ልታስቀምጠው ነው? ተው እንጂ!»

ዘጋው። ሐኪሟም ቀደም ብላ ደውላ፣ አዛውንቱ ቢነቁም ባይነቁም አይገርመኝም ብላኛለች። እንግዲህ እስከ ነገ ከሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሁ፣ ጋሽ ሹም ያሳደጉትን ልጅ ሳያዩ ሊያልፉ ነው።

«አመጣለሁ» አልኳት ሳጅኗን።

«ማንን?»

«እሱን ገና አላወቅኩትም።»

*

ታች፣ ከባቡሩ ሆድ ሥር፣ ሱቆቹ ጎን ለጎን ናቸው። ፀጉር ቆራጩ በአንድ በኩል፣ ልብስ ሰፊው በሌላው። ልብስ ሰፊው ቤት ስንደርስ አንድ ቁመተ ረጅም የታክሲ ሹፌር አዲስ ሱሪ በእጁ እያርገበገበ ይጮሃል።

«ንጹሕ ጨርቅ ነው የሰጠሁህ! ተመልከተው፤ ጉልበቱ ላይ ዝገት! እግሩ ደግሞ ተጣጥፎ ተጨማዷል!»

«እኔ ሰቀልኩት እንጂ አልለበስኩት» አለ ልብስ ሰፊው። አጭር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። «ትናንት ተኮስኩ፤ እዚያ መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ሰቀልኩ፤ በቃ!»

«ታዲያ ሱሪው ራሱ ሽርሽር ወጣ?»

መታወቂያዬን አሳየሁ፤ ሹፌሩ እየተሳደበ ሱሪውን ትቶ ወጣ። እኔም ስለ ጋሽ ሹም መጠየቅ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ፣ «ጋሽ ሹም እኮ…» አለና ቆመ። ምን ነካው ብዬ ሳየው ጠረጴዛው ላይ ያለው የመርፌ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ባቡሩ በራሳችን ላይ እየነጎደ አለፈ። እኔና ሳጅኗ እየጮኽን ለመጠያየቅ ስንሞክር እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ባቡሩ ሲያልፍ፣ «…የማንንም ክፉ የማይወዱ ሰው ናቸው» ብሎ ካቋረጠበት ቀጠለ።

«መምጣቱን በምን አወቅክ?» አለችው ሳጅኗ።

«ምኑን?»

«ባቡሩን። ሳይመጣ ነው ዝም ያልከው።»

ሰውዬው ግራ ገባው። ምንም እንዳደረገ አያውቅም። በኋላ አስተዋልኩ፤ ቲኬት ሻጯም፣ ፀጉር ቆራጩም፣ ቴክኒሻኑም እንደዚያው ናቸው። ወለሉ በእግራቸው ይነግራቸዋል፤ ዓረፍተ ነገራቸውን መሐል ላይ ያቆማሉ፤ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ይጨርሳሉ። እንግዳ ሰው ግን እንደ እኛ ይጮሃል።

«ከጋሽ ሹም ጋር ጠብ ያለው ሰው አለ?» አልኩ።

ልብስ ሰፊው በግድግዳው በኩል ወደ ጎረቤቱ ፀጉር ቆራጭ ቤት አመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሱቆቹ በጋራ ስለምንጠቀምበት የውኃ ታንከር ከጋሽ ሹም ጋር ተጣልተው ነበር። ‹አንድ ቀን ከዚያ ከፍታ አወርድዎታለሁ› ብሏቸዋል። ሁላችንም ሰምተናል።»

ፀጉር ቆራጩ ቤት ገባሁ። ሦስት ወንበር በተርታ፣ ከኋላ ደግሞ የሚታጠቡበት ሰፊ ቦታ። ሰውዬው ስታየው የራሱ ፀጉር ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዕድሜውን የሚክድ ነው።

«በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ቲኬት ሻጯ ‹ዘግቷል› የሚል ሰሌዳ አይታለች።»

ላብ አጠመቀው። «ወጣ ብዬ ነበር።»

«የት?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«ሰው ተፈንክቷል፤ የግል የሚባል ነገር የለም።»

ፎጣ አንስቶ ፊቱን ጠረገ። ሳጅኗ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ይሄ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ዛቻ ያለበት ሰው፣ ቤቱን ዘግቶ የጠፋ ሰው፣ የሚያልበው ሰው። ከመጠን ያለፈ ተጠርጣሪ ነው። ይልቅ በየት በኩል ገባ? ተጠርጣሪ ሞልቶ በር ሲጠፋ፣ ጥያቄው ስለ በሩ ነው።

*

ስለ በሮች ማን ያውቃል? ከጣቢያው ሁሉ ስለ ጣቢያው ታሪክ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ አለ አሉኝ። የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለጣቢያው የምሥረታ በዓል የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጅ የቀጠረው ሰው ነው። ቲኬት አዳራሹ መሐል ባለው ግዙፍ፣ አራት ማዕዘን ዓምድ ላይ ፎቶ ሲሰቅል አገኘሁት። መካከለኛ ዕድሜ፣ ጥሩ ሱሪ፣ ጥሩ ፈገግታ።

«ሰፊው ደረጃ የት ነበር?» አልኩት።

ከመሰላሉ ሳይወርድ በእጁ ወደ አዳራሹ ማዶ አሳየኝ። «እዚያ ገደማ ይመስለኛል። በድሮው ንድፍ ላይ ፈርሷል ይላል። እኔ እንኳ ለከተማው እንግዳ ነኝ፤ ጣቢያውን ከዚህ ሥራ በፊት የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው።»

«ጋሽ ሹምን ያውቋቸዋል?»

«አነጋግሬያቸዋለሁ። ስለ አደጋው ቀን እንዲነግሩኝ ጠይቄ ነበር።» በፎቶዎቹ መሐል የተተወ ባዶ ቦታ አሳየኝ። «ይሄ ለዚያ ቀን ነው።»

«በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

ሳቀ። «እያፈርኩም ቢሆን ልንገርዎት? እኔ እኮ…» አለና የሚሰቅለውን ምስማር እያየ ዝም አለ። ባቡሩ አለፈ። «…ሱሪ አልነበረኝም። ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ሊያሳጥርልኝ ወስዶ በመኪና ሲሰፋ፣ እኔ መለኪያ ክፍል ውስጥ በውስጥ ሱሪ ቆሜ ነበር። ይጠይቁት።»

ጠየቅን። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «እውነት ነው። ሱሪው እኔ ጋ ነበር። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነው የምሰፋው፤ በፊቴ የወጣ የለም። ደግሞ ሱሪ የሌለው ሰው የት ይሄዳል?»

ሳጅኗ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ሁሉ ይሄን የመሰለ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

*

ጠዋት ፀጉር ቆራጩ ራሱ ቢሮዬ መጣ። ከአንዲት ሴት ጋር ነው፤ የውበት ሳሎን ባለቤት ናት፤ ከጣቢያው ራቅ ያለ መንገድ ላይ።

«ንገሪው» አላት መሬት መሬት እያየ።

«ፀጉሩን ስቀባው ነበር» አለች። «ጥቁር ቀለም። በወር አንዴ ይመጣል። ደንበኞቹ ሽበቱን እንዳያዩ።»

«ፀጉር ቆራጭ ሆነህ ሌላ ቤት?» አልኩት።

«ራሴን እንዴት አድርጌ እቀባለሁ?» አለ እንባው ሊመጣ ደርሶ። «እባክህ ለልብስ ሰፊው እንዳትነግረው። ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል።»

አሰናበትኩት። አሁን በእጄ የቀረው ቴክኒሻኑ ብቻ ሆነ። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ከሰዓት እየሮጠ ነው። ይሄኔ ሌላው መርማሪ ይጨነቃል። እኔ ግን ባለቤቴ ጠዋት ቁርስ ላይ ያለችኝን አስታወስኩ። ትናንት የለበስኩትን ሱሪ አንስታ፣ «ይሄ የዝገት እድፍ ነው፤ በሳሙናም በምንም አይለቅም። የት ሄደህ ነው የተቀመጥከው?» ብላ ነበር።

ቆምኩ።

«ሳጅን» አልኩ። «የታክሲ ሹፌሩ ሱሪ ምን ነበረበት?»

«ዝገት።» ፊቷ ተለወጠ። «ጉልበቱ ላይ።»

«መለኪያ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የቆየ አዲስ ሱሪ ዝገት ከየት ያገኛል?»

«ሱሪ ከሌለው ሰው ጋር ተሰቅሎ ነበራ!» አለች፤ ጃኬቷን ሳትለብስ ሮጠች።

*

ልብስ ሰፊውን ሻይ እንዲጠጣ አስወጣነው። እኔ ፀጉር ቆራጩ ቤት ገባሁና ከበሩ እስከ ኋላ ግድግዳ በእርምጃ ለካሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ቤት ገብቼ ለካሁ። ሁለቱም ከፊት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጀርባቸውን የሚሰጡት ለአንድ ግድግዳ ነው። የልብስ ሰፊው ግን አጠረ። በጣም አጠረ፤ ሦስት ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ ከመሐል ጠፍቷል።

«ቦታ አይሰረቅም» አልኳት። «የሆነ ሰው ጋርዶታል።»

የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ገለጥኩ። መስታወት አለ፤ ከኋላው የቀጭን እንጨት ግድግዳ። ሳጅኗ በጉልበቷ ገፋ ስታደርገው አንዱ ሳንቃ እንደ በር ዞረ። ከውስጥ የቀዘቀዘ፣ የአሮጌ ሲሚንቶ ሽታ ወጣ። ባትሪ አበራሁ። ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ መካከሉ በብዙ ሰው እግር ተበልቷል። ደረጃው አልፈረሰም፤ ታች በእንጨት ጋረዱት፤ ቲኬት አዳራሹ ላይ አራት ማዕዘን ዓምድ አስመስለው ገነቡበት። ያ ባለ ኤግዚቢሽን ፎቶ የሚሰቅለው በደረጃው ቆዳ ላይ ነበር። ለእኔ ደግሞ ወደ ማዶ አሳየኝ።

ወጣን። ላይ ስንደርስ ራሴ ቆርቆሮ መታ። ገፋሁት። ክዳኑ ተነሳ፤ ብርሃን ገባ፤ እኔም ትናንት ለማሰብ ከተቀመጥኩበት ሣጥን ውስጥ ብቅ አልኩ። መልሱ ላይ ተቀምጬ ነበር ያሰብኩት። ሳጅኗ ይሄን በሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ ፊት እስከ ጡረታዬ ድረስ እንደምታወራው አውቄያለሁ።

«ግን አለቃ» አለች እየሳቀች ክዳኑን ስታይ፣ «እንግዳ ሰው ይሄን ደረጃ እንዴት ያውቃል? ልብስ ሰፊው እንኳ አያውቅም።»

«እንግዳ ማነው?» አልኩ። በዚያች ቅጽበት መሰላሉ ላይ ሆኖ ምስማሩን እያየ ዝም ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አልፌው ነበር።

*

ባለ ኤግዚቢሽኑን ልብስ ሰፊው ቤት አስጠራሁት፤ «አንድ የድሮ ንድፍ ሊያብራሩልን ነው» ብለን። ፈገግ ብሎ ገባ። ሳጅኗ በሩ ላይ ቆመች። የሹፌሩን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ አየው፤ አላየሁም ብሎ ዓይኑን አዞረ።

«ይሄን ቤት ያውቁታል?»

«ሱሪዬን ሳሳጥር ነው ያወቅኩት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ እዚህ ሰፈር እግሬን…»

ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ምንም ድምፅ የለም። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ይስላል፤ በቃ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አልኩት። «ለምን አቆሙ?»

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ባቡር የለም እኮ። ሳጅን፣ ባቡር ሰምተሻል?»

«ኧረ ምንም!»

የመርፌ ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውዬው ቆርቆሮውን አየ፤ እኔን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ባቡሩ መጣና በላያችን አለፈ። 

«‹እግሬን አልረገጥኩም› ሊሉኝ ነበር» አልኩ። «ግን እግርዎ ቀድሞ ነገረዎት። ይሄን የሚያደርግ እዚህ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ይሄን ሱሪ ደግሞ ወገብዎ ላይ ያድርጉልኝ። ሹፌሩ ረጅም ነው፤ እርስዎ አጭር ነዎት፤ እግሩ የታጠፈበት መስመር ከጫማዎ ላይ ያርፋል ብዬ እወራረዳለሁ።»

ሱሪውን አልነካውም። የልብስ ሰፊው ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ይሄ ቤታችን ነበር» አለ። «መኪናው የቆመበት ቦታ እናቴ ታበስልበት ነበር። ደረጃው ከበራችን ነው የሚነሳው። አባቴ የምልክት ሠራተኛ ነበር፤ ለባቡር አረንጓዴና ቀይ የሚያበራው እሱ ነው። ከአደጋው በኋላ አባረሩት። ከዚህም አስወጡን። ‹አባትህ ነው የገደላቸው› እየተባልኩ ነው ያደግኩት።»

«ለዚህ ነው ሥራውን የያዙት?»

«ስሙን ላጸዳ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢያውቁ ሥራውን አይሰጡኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ሹም ግን ስናወራ አወቁኝ። ልክ አሁን እንዳደረግኩት አድርጌ… ‹አንተ የዚህ ቤት ልጅ ነህ› አሉኝ። ‹ደረጃው አለልህ፤ ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ብቻችንን እናውራ› አሉ። ሰው እንዳያየኝ ሱሪ ላሳጥር ብዬ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

«አባቴ ንጹሕ ነበር ይበሉ፣ በአደባባይ ይናገሩ አልኳቸው። ‹ልጄ፣ አባትህ ተኝቶ ነበር› አሉኝ። ‹እኔ መብራቱ ተበላሽቶ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ያለዚያ እስር ቤት ነበር የሚገባው። እናንተን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።›» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ገፋኋቸው። ልጥላቸው ብዬ አልነበረም። የክዳኑ ጠርዝ መታቸው። ሞቱ ብዬ ወረድኩ።»

«አልሞቱም ነበር» አለች ሳጅኗ። «ሰው መጥራት ትችል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በሌላ ሰው ላይ ካቴና ሲገባም ፎቶ ትሰቅል ነበር» አልኩት፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ተውኩት፤ ያን ጊዜ በእውነት ተናድጄ ነበር። ለአባቱ አዝኜለታለሁ፤ ለእናቱም። እዚያ ላይ ደም እየፈሰሳቸው ትቷቸው ወርዶ የራሱን ሱሪ ተቀብሎ፣ ሂሳብ ከፍሎ፣ አመስግኖ መውጣቱን ግን ልተውለት አልቻልኩም። ሳጅኗ ካቴናውን ስታስገባለት እጁን ራሱ ሰጣት።

ለአለቃዬ ደወልኩ።

«ያዝኩት» አልኩ።

«ቴክኒሻኑን?»

«ሱሪ የሌለውን ሰውዬ።»

«ምን?»

«ኋላ ይገባሃል። ልጁን እየወሰድኩት ነው።» ዘጋሁት። አለቃዬ ላይ ስልክ መዝጋት እንዴት ደስ እንደሚል ያልሞከረው አያውቅም።

*

ሆስፒታሉ ዝም ያለ ነው፤ ከሐዲዱ ሩቅ። ቴክኒሻኑ ኮሪደሩን ሊሮጠው ሲል ነርስ ገሠጸችው፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ጀመረ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ግሪስ ያለበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ገባ። እኔና ሳጅኗ ደፉ ላይ ቀረን።

ጋሽ ሹም ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትንሽ ሆነው ተኝተዋል። ዓይናቸው ግን ተከፍቷል። ሐኪሟ ከሰዓት ነው የነቁት፤ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣቸውም አለችን።

ቴክኒሻኑ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አባባ» አለ። «እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፃቸው እንደ ወረቀት ነበር።

«ልጄ… በሩን…»

አቆሙ። ቴክኒሻኑም ሊመልስ የከፈተውን አፉን ዘጋ። ሁለቱም ጣሪያውን እያዩ ይጠብቃሉ። ሐኪሟ ደንግጣ ወደ አልጋው ልትሮጥ ስትል እጇን ያዝኳት። ወለሉ በጣም በትንሹ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ከባድ የምግብ ጋሪ እየተገፋ መጣ፤ ጎማው እየተንቋቋ በበሩ አጠገብ አለፈ፤ ራቀ።

«…ከፈትከው?» አሉ ጋሽ ሹም።

«ከፍቼዋለሁ አባባ» አለ ቴክኒሻኑ፤ ግንባሩን እጃቸው ላይ ደፋ።

ሳጅኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ማንም ቢጠይቃት ይሄንኑ እንድትል ነግሬያታለሁ። ጋሪው ሲመጣ እኔም ሳላውቀው ዝም ብዬ ነበር።